ሳሊፍ ኬይታ፣ ዘፋኙ ሳይሆን ኳስ ተጫዋቹ፦ ከዊሃ በፊት የነበረው ኮከብ

ዋልያ_መዝገብ፦
ስለ አፍሪካ ተጫዋቾች በአውሮፓ ወሬ ሲነሳ ሁሌም ከጆርጅ ዊሃ ወይ ከአቤዲ ፔሌ ይጀመራል። እነሱ ፈረንሳይ ሊግ ከመድረሳቸው ሃያ ዓመት ቀድሞ እዚያው ሊግ ውስጥ ተከላካይ ሲያተራምስ የነበረ ማሊያዊ ፈር ቀዳጅ ግን አለ። ሳሊፍ ኬይታ ሲባል ዘፋኙ ቢመጣባችሁ አይፈረድባችሁም፤ ሞክሼዎች ናቸው። ይሄኛው የባርሴሎናው ሰይዱ ኬይታ አጎት ነው፤ አገሩ ላይ «ዶሚንጎ» ይሉታል።

ለመነሻ ያህል ዋና ዋናውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1946 ባማኮ ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያለ ለሁለቱ የባማኮ ባላንጣዎች፣ ለሪያል ባማኮም ለስታድ ማሊያንም ተጫወተ። የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ የመጀመሪያ ፍጻሜ በ1965 አክራ ላይ ሲደረግ ስታድ ማሊያን በካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የሪያል ባማኮ ሆነ፦ በሜዳው ስታድ አቢጃንን 3 ለ 1 አሸንፎ በመልሱ 4 ለ 1 ተረታና ዋንጫው ከእጁ ወጣ። ኬይታ በዚያ ውድድር ብቻውን 14 ጎል አግብቷል።

በ1967 የፈረንሳዩ ክለብ ሴንት ኤቲየን ገባ። አምስት የውድድር ዘመን፣ 149 የሊግ ጨዋታ፣ 125 ጎል። ከዚያ ማርሴይ፣ ቫሌንሲያ፣ ስፖርቲንግ ሊዝበን፣ መጨረሻ ላይ አሜሪካ። በ2023 ሴፕቴምበር 2 ቀን ባማኮ ውስጥ በ76 ዓመቱ አረፈ።

ውይይቱን የከፈትኩት ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። የዚህን ሰው የአውሮፓ ጉዞ ደረጃ በደረጃ ስትከታተሉ ክለብ የቀየረበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አቋሙ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ውል፣ የውጭ ዜጋ ኮታ (አንድ ክለብ ስንት የውጭ ተጫዋች መያዝ እንደሚችል የሚወስነው ደንብ)፣ ፓስፖርት። በዚህ ላይ የምታውቁትን ጨምሩበት።

ኳስ_በሬዲዮ፦
ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ከፓሪስ ሴንት ኤቲየን ድረስ በታክሲ ሄደ የምትባለዋ ታሪክ እውነት ናት ወይስ ጋዜጠኛ ያሳመራት?

የድሮ_ጋዜጣ፦
እውነት ናት፤ ግን ከመጀመሪያዋ እንጀምር። ሰውየውን ለሴንት ኤቲየን የጠቆመው ቻርልስ ዳገር የሚባል ባማኮ ይኖር የነበረ ሊባኖሳዊ ነው፤ የክለቡ ደጋፊ ነበር። ያኔ መልማይ የሚባል ሠራተኛ አፍሪካን አይዞርም፤ አንድ ተጫዋች አውሮፓ እንዲታወቅ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

የማሊ መንግሥት ተጫዋቾቹ እንዲወጡ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ኬይታ ከባማኮ ተነስቶ በቀጥታ ፓሪስ አልገባም፤ በላይቤሪያ በኩል ዞሮ ነው የወጣው። ሴፕቴምበር 1967 ኦርሊ አረፈ። የክለቡ ሰዎች የሚጠብቁት ደግሞ ሌላኛው የፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለቡርዤ ነው። የሚቀበለው ሰው ሲያጣ ታክሲ ያዘና «ሴንት ኤቲየን» አለ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ሂሳቡ ከ1000 ፍራንክ በላይ ወጣ፣ ክለቡም ከፈለ።

ሰው በታክሲዋ ስቆ ያልፋታል እንጂ ነገሩ የሚያሳየው ያኔ ዝውውር እንዴት ይከናወን እንደነበር ነው። ወኪል የለም፣ ስልክ ደውሎ የሚያጣራ የለም፣ አንድ የኤርፖርት ስም ከተሳሳተ የሃያ ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሃና_ሰንጠረዥ፦
ጎሎቹን በየዓመቱ ላስቀምጥ፤ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ትልቁን ነገር ስለሚያልፈው።

1967/68፦ 12
1968/69፦ 21
1969/70፦ 21
1970/71፦ 42
1971/72፦ 29

ድምር 125። የመጀመሪያው ዓመት ዝቅ ያለው ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ስለደረሰ ነው። 42ቱ ደግሞ በ20 ክለቦች ሊግ፣ በ38 ጨዋታ የመጣ ነው። ከሴዳን ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ብቻ ስድስት አግብቷል። በሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ቁጥር ያለ ተወዳዳሪ የኮከብ ጎል አግቢነትን ክብር ያሰጠዋል። በዚያው ዓመት ግን የማርሴዩ ዮሲፕ ስኮብላር 44 አገባ። የስኮብላር 44 እስከ ዛሬ የፈረንሳይ አንደኛ ዲቪዚዮን የአንድ ዓመት ሪከርድ ነው።

ድረ ገጾች ላይ የተለያየ ቁጥር ካያችሁ አትደናገጡ። 125 የሊግ ብቻ ነው፤ የፈረንሳይ ዋንጫና የአውሮፓ ጨዋታዎች ሲደመሩ ከፍ ይላል። ሁለቱን ደባልቀው «በ149 ጨዋታ 140 ምናምን» የሚሉ አሉ፤ ጎሉን ከሁሉም ውድድር ወስደው ጨዋታውን ከሊግ ብቻ እየቆጠሩ ነው።

ታክቲክ_ሰሌዳ፦
ሃና ያስቀመጠችው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም 125 ጎል ለብቻ አይመጣም።

አሰልጣኙ አልቤር ባቶ ነበር። ሬምስን ሁለት ጊዜ፣ በ1956 እና በ1959፣ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ያደረሰ፣ በ1958 ፈረንሳይን በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ያስወጣ ሰው። የሚወደው አጭር ቅብብልና ቴክኒክ ነው፤ በጉልበት የሚሮጥ ቡድን አልገነባም። ለኬይታ ከዚህ የተሻለ ቤት አልነበረም።

አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ ኤርቬ ሬቬሊ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ተከላካዮችን ይይዛል፤ በጭንቅላትም በእግርም የሚጨርስ አጥቂ ነው። ዦርዥ ቤሬታ ከግራ ክንፍ በግራ እግሩ ያሻግራል። ዣን ሚሼል ላርኬ ከመሃል ያቀብላል። ኬይታ ከሬቬሊ ትንሽ ኋላ ዝቅ ብሎ ኳስ ይቀበልና ፊቱን አዙሮ ይገባል። ሁለት ተከላካይ ባለበት ጠባብ ቦታ ላይ ኳሷን እግሩ ሥር አድርጎ አቅጣጫ መቀየር ይችላል። አንዱ ተከላካይ ወደ እሱ ከወጣ ሬቬሊ ነጻ ይሆናል፤ ካልወጣ ኬይታ ራሱ ይመታል። እዚያው መሃል ሜዳ ላይ ኤሜ ዣኬ የሚባል ጸጥተኛ አማካይ ነበር፤ በ1998 ፈረንሳይን ለዓለም ዋንጫ ያበቃው ራሱ ዣኬ።

ይህ ቡድን በ1968፣ 1969 እና 1970 ሦስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ፣ በ1968 እና 1970 ደግሞ የፈረንሳይ ዋንጫን ወስዷል። የ1970ው ፍጻሜ ናንትን 5 ለ 0 ነው።

አንድ ጨዋታ ብቻ ፈልጋችሁ እዩ ብትሉኝ የ1969ኙን የአውሮፓ ዋንጫ የባየርን ሙኒክ የመልስ ጨዋታ እመርጣለሁ። ሙኒክ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው መጡ። ባየርን ማለት ማየር፣ ቤከንባወር፣ ሙለር ማለት ነው። ሬቬሊ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ አንድ፣ ከዕረፍት በኋላ ሁለተኛውን አገባ። ድምሩ እኩል ሆኖ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀር ሦስተኛውን ኬይታ አስቆጠረ። 3 ለ 0 አለቀ። በቀጣዩ ዙር ሌጊያ ዋርሶ አስወጣቸው እንጂ የሴንት ኤቲየን ሜዳ ዦፍሩዋ ጊሻር ስታዲየም የአውሮፓ ሌሊቶቹን የጀመረው ያን ቀን ነው።

ካሳንቺስ_7፦
«ፈር ቀዳጅ» የሚለው ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ላርቢ ቤን ባሬክ የት ሄደ? ከካዛብላንካ ተነስቶ በ1938 ማርሴይ ገብቷል፤ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ከ1938 እስከ 1954 ተጫውቷል፤ በአትሌቲኮ ማድሪድ በ1950 እና በ1951 ሊግ በልቷል። አርተር ዋርተንስ? በ1865 አክራ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ ለፕሬስተን፣ ለሮዘራም፣ ለሼፊልድ ዩናይትድ በረኛ የነበረ! ኦዜቢዮንስ? የ1965 ባሎን ዶር (የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት)፣ የ1966 ዓለም ዋንጫ 9 ጎል። ኬይታ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ዋልያ_መዝገብ፦
ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ማንም አይክድህም። ግን አንድ ነገር አስተውል። ቤን ባሬክ ለፈረንሳይ፣ ኦዜቢዮ ለፖርቱጋል ተጫወቱ፤ አገሮቻቸው ቅኝ ግዛት ስለነበሩ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ሁለቱም ለአውሮፓ «የኛ» ነበሩ። ኬይታ የመጣው ነጻ ከወጣች አገር፣ በማሊ ፓስፖርት ነው፤ እስከ መጨረሻውም አልለወጠም። እሱ በኋላ የገጠመው ችግር ቤን ባሬክንም ኦዜቢዮንም አልገጠማቸውም።

መሃል ላይ የሚቆም ሰው ካስፈለገ ራሺድ መክሉፊ ነው፤ እሱም የሴንት ኤቲየን። ለፈረንሳይ መጫወት ጀምሮ ሳለ በ1958 ኤፕሪል፣ ዓለም ዋንጫው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከሌሎች አልጄሪያውያን ጋር ተደብቆ ወጥቶ ቱኒስ ላይ የአልጄሪያ ነጻ አውጪ ግንባርን ቡድን ተቀላቀለ። ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። በ1968 የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ሴንት ኤቲየን ቦርዶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱንም ያገባው መክሉፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክለቡን ለቀቀ። ማለትም ከኬይታ ጋር የተገናኙት አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ኳስ_በሬዲዮ፦
ባሎን ዶር ካነሳችሁ፣ 42 ጎል አግብቶ ለምን ዝርዝር ውስጥ አልገባም?

ሃና_ሰንጠረዥ፦
አይፈቀድለትም ነበራ! ፍራንስ ፉትቦል መጽሔት ሽልማቱን የሚሰጠው ለአውሮፓ ዜጎች ብቻ ነበር። የአውሮፓ ዜጋ ላልሆኑ የተከፈተው በ1995 ነው፤ በዚያው ዓመት ዊሃ ወሰደው። ኦዜቢዮ በ1965 ያገኘው በፖርቱጋላዊነቱ ነው። በኬይታ ዘመን በማሊ ፓስፖርት 100 ጎል ብታገባም ስምህ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም።

መጽሔቱ በ1970 ለብቻው የአፍሪካ ኮከብ ሽልማት ጀመረና የመጀመሪያው አሸናፊ ኬይታ ሆነ። ሁለተኛ ማን እንደወጣ ታውቃላችሁ? ሎራ ፖኩ። እኛ የምናውቀው ፖኩ፤ በዚያው ዓመት ሱዳን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አይቮሪ ኮስት ኢትዮጵያን 6 ለ 1 ስታሸንፍ አምስቱን ብቻውን ያገባብን። በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ አምስት ጎል ያገባ እስካሁን ሌላ የለም። ያን ሰው ነው ኬይታ የበለጠው።

ካሳንቺስ_7፦
አታስታውሺን እባክሽ 😅 በብሔራዊ ቡድንስ ምን አደረገ?

የድሮ_ጋዜጣ፦
ትንሽ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም። በ1965 ብራዛቪል ላይ በመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ማሊ ፍጻሜ ደረሰች፤ ከኮንጎ ብራዛቪል ጋር ያለ ጎል ተለያይተው አሸናፊው የተለየው በማዕዘን ምት ብዛት ነው። አዎ፣ ኮርነር ተቆጥሮ ወርቁ ለኮንጎ! በ1972 ያውንዴ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ ያው ኮንጎ ማሊን 3 ለ 2 አሸነፈች።

በመሃሉ ያለው ክፍተት ምክንያት አለው። ማሊ በ1968 አዲስ አበባና አስመራ ለተደረገው፣ በ1970ም ሱዳን ለተደረገው ውድድር አላለፈችም። ዓለም ዋንጫም ያኔ ለአፍሪካ የሚሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በ1970 ሞሮኮ ወሰደችው። በዚያ ላይ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቹን ለአገሩ እንዲለቅ የሚያስገድደው ደንብ አልነበረም። ክለቡ እሺ ካላለ ቀረ ማለት ነው።

ታክቲክ_ሰሌዳ፦
ወደ 1971 ልመልሳችሁ፤ የ42ቱ ጎል ዓመት የተበላሸው እዚያ ነው። የሴንት ኤቲየኑ ፕሬዚዳንት ሮዤ ሮሼ ግብ ጠባቂው ዦርዥ ካርኑስና ተከላካዩ በርናር ቦስኪዬ ከማርሴይ ጋር መነጋገራቸውን ሲደርስበት ሲዝኑ ሳያልቅ አባረራቸው። ብሔራዊ ቡድን የሚጫወት በረኛና ብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ተከላካይ በአንድ ቀን! ለዋንጫ የሚፎካከረው ደግሞ ራሱ ማርሴይ ነው። ማርሴይ ሊጉን በላ፣ ሴንት ኤቲየን ሁለተኛ ወጣ። በበጋው ሬቬሊም ወደ ኒስ ሄደ። ኬይታ በተከታዩ ዓመት ያገባው 29 ሬቬሊ በሌለበት መሆኑን አስታውሱ፤ ለኔ ከ42ቱ የማያንስ ሥራ ነው።

ዋልያ_መዝገብ፦
እዚህ ላይ የወረቀቱ ነገር ይጀምራል። በ1972 ኬይታም ከሮሼ ጋር ተጣልቶ ወደዚያው ወደ ማርሴይ ሄደ። ማርሴይ ሴንት ኤቲየንን ሲያስተናግድ ሁለት ጎል አገባና ወደ ሮሼ በክንዱ የስድብ ምልክት አሳየ። የሚያስመሰግን አይደለም፤ ቂሙ ግን ምን ያህል እንደነበር ይነግራችኋል።

ማርሴይ የገባበትን አጣብቂኝ ተመልከቱ፦ ደንቡ ለአንድ ክለብ ሁለት የውጭ ዜጋ ብቻ ይፈቅዳል። ማርሴይ ቀድሞውኑ ዩጎዝላቩ ስኮብላርና ስዊድናዊው ሮዤ ማኙሶን አሉት። ስኮብላር ባለ 44 ጎሉ ነው፤ ማኙሶን ኳሱን ከቀኝ የሚያደርስለት። ኬይታ ሦስተኛ ሆነ። ክለቡ ያገኘው መፍትሔ ኬይታ ፈረንሳዊ ዜግነት ይውሰድ የሚል ነበር፤ የውጭ ዜጋ ቁጥሩ ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ችግሩም ያልቃል። ኬይታ አልወስድም አለ። በ18 የሊግ ጨዋታ 10 ጎል አግብቶ በአንድ ዓመት ወጣ።

አንድ ዓመት ብቻ መቆየቱን አይቶ «ማርሴይ ላይ አልተሳካለትም» የሚል ጽሑፍ ብዙ ነው። በ18 ጨዋታ 10 ጎል አልተሳካም ከተባለ የተሳካው ስንት ሊሆን ነው?

ኳስ_በሬዲዮ፦
ስፔን ታዲያ ኮታ አልነበራትም?

ሃና_ሰንጠረዥ፦
ነበራት፤ ያውም የባሰ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለውጭ ተጫዋች ተዘግታ ቆይታ የከፈተችው በ1973 ነው፤ ለአንድ ክለብ ሁለት። ባርሴሎና ክራይፍን፣ ሪያል ማድሪድ ኔትዘርን የወሰዱት በዚያው በር ነው። ቫሌንሲያ በአልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ አሰልጣኝነት ኬይታንና ኦስትሪያዊውን ኩርት ያራን ወሰደ። አንድ የአገሬው ጋዜጣ «ቫሌንሲያ ጀርመን ሊያመጣ ሄዶ ጥቁር ይዞ ተመለሰ» የሚል ነገር ጽፎ ነበር። የአቀባበሉ መንፈስ ያ ነው።

ሦስት ዓመት፣ 74 የሊግ ጨዋታ፣ 23 ጎል። በ1975 ሆላንዳዊው ጆኒ ሬፕ መጣ፤ በ1976 ማሪዮ ኬምፔስ ተገዛ። ሬፕና ኬምፔስ ሁለት ናቸው፤ ኮታው ሞላ። ኬይታ በዚያው በጋ ወደ ስፖርቲንግ ሄደ።

ታክቲክ_ሰሌዳ፦
ይቺን ሁሉ በኮታ ብቻ አታሳቡብ። 74 ጨዋታ ላይ 23 ጎል በራሱ ይናገራል። ሴንት ኤቲየን እያለ በየጨዋታው ወደ 0.84 ነበር፤ ስፔን 0.31 ሆነ። በዚያ ዘመን የስፔን ተከላካይ ቁርጭምጭሚት ነበር የሚያየው፤ ጎልም የሚገባው በጥቂቱ ነው። እንደ ሬቬሊ ፊት ላይ ቦታ የሚከፍትለትም አላገኘም። ቫሌንሲያ ኬምፔስን የመረጠው በኳስ ሚዛን ነው፤ ኬምፔስም ወዲያው ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

ዋልያ_መዝገብ፦
የኬምፔስን ምርጫ እቀበላለሁ። እኔ የምለው ኮታ ባይኖር አንዱ ሲመጣ ሌላው መውጣት አይኖርበትም ነበር ነው። ቦታው ሦስት ቢሆን ኖሮ አብረው ይጫወታሉ፤ ኬይታ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነው።

የድሮ_ጋዜጣ፦
ስፖርቲንግን በአንድ መስመር አትለፉት። ሦስት ዓመት ተጫውቶ 33 የሊግ ጎል አግብቷል፣ በ1978 የፖርቱጋልን ዋንጫ በልቷል፤ አጠገቡ ማኑኤል ፈርናንዴስና አንጎላ የተወለደው ዦርዳዎ ነበሩ። ከስፔኑ ጊዜ የተሻለ ኳስ ተጫውቷል ባይ ነኝ። ከዚያ በ1979 አሜሪካ፣ ቦስተን አካባቢ ኒው ኢንግላንድ ቲ ሜን፤ ባለቤቱ የሊፕተን ሻይ ኩባንያ ስለነበር ነው ቡድኑ «ሻይ» የተባለው። በ1980 ጫማውን ሰቀለ።

ቤቲ_አረንጓዴ፦
ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላነሳውም። ባማኮ ተመልሶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስሙ ማሰልጠኛ ማዕከል ከፈተ፤ ማዕከሉ ራሱን የቻለ ክለብም ነው። ከዚያ የወጡትን ታውቋቸዋላችሁ፦ ማሃማዱ ዲያራ፣ በግሪክና በሆላንድ አልፎ ሊዮን ከዚያም ሪያል ማድሪድ የደረሰው፤ ሰይዱ ኬይታም ከዚያ ወደ ማርሴይ። ሁለቱም በ1999 ናይጄሪያ ላይ ማሊ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ስትወጣ ነበሩ፤ ሰይዱ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሳሊፍ ከ2005 እስከ 2009 የማሊ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖም ሠርቷል።

ካሳንቺስ_7፦
የሊቨርፑሉ ሞሞ ሲሶኮስ ዘመድ ነው የሚሉት?

ቤቲ_አረንጓዴ፦
አዎ፣ እሱም የእህት የወንድም ልጅ ከሚባሉት ነው። ሲሶኮ ሊቨርፑል ከመግባቱ በፊት ቫሌንሲያ ነበር፤ በ2004 ሊጉንና የዩኤፋ ዋንጫን በልቷል። ሰይዱም በ2014 ጃንዋሪ ለግማሽ ሲዝን እዚያው ቫሌንሲያ ፈርሟል። ጋዜጣው «ጥቁር ይዞ ተመለሰ» ያለበት ክለብ ከአንድ ቤተሰብ ሦስት ተጫዋች አስፈርሟል ማለት ነው።